ውሃው ግንቦት ላይ የት ይደርሳል?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት ስለካ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ውሃ ነው። ቡራዩ፣ ሰፈራችን ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንዱ ይመጣና «ጋሽ ታደሰ፣ ያ ግድቡ ላይ የተንሳፈፈው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ እውነት የእርስዎ ሥራ ነው?» ይለኛል። «የብዙ ሰው ሥራ ነው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔ እጅ ጎልቶ የሚታየው በተበላሸው በኩል ነው። እሱን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልናገረው።

ሥራ የለቀቅሁ ዕለት ዕቃ አስረከብኩ። የከፍታ መለኪያው ሌቭል፣ ባለሦስት እግር መቆሚያው፣ ሜትሮቹ፣ የዝናብ ካፖርቱ ሳይቀር አንድ በአንድ ተፈተሸ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ መዶሻዬን ስታይ «ይኼስ?» አለች። «እሱ የመንግሥት አይደለም፤ የጋሽ ደምሴ ነው» አልኳት። ጋሽ ደምሴ ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ ፊቴን አይታ ነው የተወችኝ። እናንተ ግን ልታውቋቸው ይገባል።

ጋሽ ደምሴ የመጀመሪያ አለቃዬ ናቸው። የተመደብኩት ሰበታ ነበር። ያኔ ሰበታ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ዛሬ አዲስ አበባ የት አልቃ ሰበታ የት እንደምትጀምር እኔ ቀያሹም አላውቅም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ማሳ ላይ ይዘውኝ ወጡ። እኔ መሣሪያውን ለመንካት ቸኩያለሁ። መኪናው በደንብ ሳይቆም ዘልዬ ወርጄ ሳጥኑን ከፈትኩ።

«ዝጋው» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ?»

«ሰዎቹን ሰላም ሳትል መነጽር ትደቅንባቸዋለህ? አንተ ቤት እንዲህ ተደርጎ ይገባል?»

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀመሩት፣ ከባለመሬቱ ጋር ድንበሩን በእግራቸው ዞሩት። ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ። እየዞሩ አይጽፉም፤ ያዳምጣሉ። ከዚያ የቤቱን እመቤት ለብቻቸው ያነጋግራሉ። እኔ መጀመሪያ ጠላ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቃቸው «አየህ፣ ወንዱ ድንበሩን ያውቃል። ውሃውን የምታውቀው ሴቲቱ ናት። የምትቀዳው እሷ ናታ!» አሉኝ።

ማስታወሻቸውን የሚጽፉት በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይጠፋል ብለው አያምኑትም። ሳጥኑ የሚከፈተው ይኼ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም አንዲት ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ። ባልንም ሚስትንም፣ ለየብቻ፣ «እዚህ መሬት ላይ ያላየሁት ምን አለ?» ይሏቸዋል። የተባሉትን ሁሉ ይጽፋሉ። ፀበል ቢሏቸው፣ የጅብ ጉድጓድ ቢሏቸው፣ የሟች ልጅ መቃብር ቢሏቸው ይጽፋሉ።

ከዚያ ሱሉልታ ተዛወርን፤ እሳቸውም እኔም። የሱሉልታን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው «አቤት መሬት!» ይላል። ለአንድ ፋብሪካ ቦታ ለኩ ተብለን በየካቲት ሄድን። መሬቱ ደረቅ፣ ለጥ ያለ፤ ሁለት ቀንም አልፈጀብን። ጋሽ ደምሴ ግን ካርታው ላይ አልፈርምም አሉ። የዚያን ጊዜው የበላያችን ጮኸ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ጋሽ ደምሴ ወይ ፍንክች! «ነሐሴን አይቼ እፈርማለሁ» አሉ።

ነሐሴ ደረሰና ቦት ጫማ አድርገን ሄድን። የመታናቸው ችካሎች ከውሃው በላይ አናታቸው ብቻ ብቅ ብሏል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው አልሳቁም፣ አልፎከሩምም። «መሬት የክረምትና የበጋ መልክ አላት። አንዱን ብቻ አይተህ አትፈርም» አሉኝና ካርታው ላይ በእርሳስ ሁለተኛ መስመር ጨመሩ። ያቺን ንግግር ለስንት አዲስ ቀያሽ አስተምሬአታለሁ መሰላችሁ! በቃል መያዝ ሌላ፣ መሥራት ሌላ።

ጡረታ ሲወጡ መዶሻቸውን ሰጡኝ። እጀታው ወይራ ነው፤ መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል።

እኔ ደግሞ ቡራዩ፣ የራሴ ቡድን ኃላፊ ሆንኩ። የቡራዩን ዓይነት ጥድፊያ የትም አላየሁም። ዘንድሮ ገብስ የነበረው ለከርሞ ብሎኬት ነው። በቀን ሁለት ቦታ፣ አንዳንዴ ሦስት እንለካለን። ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፤ ድንበሩን ግን መዞር ተውኩ፤ ከመኪናው ሆኜ ማየት ለመድኩ። ደመወዜ እንደሆነ ያው ነው፤ የተጨመረልኝ መኪናና ሾፌር ብቻ ነው።

ከከተማው በላይ ካለው የውሃ ግድብ ዳር የሚያርሱ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሁለት ጊዜ መሬታቸውን ለካሁባቸው። ለካሁላቸው አላልኩም፤ ለካሁባቸው። መጀመሪያ ለመንገድ፣ ቀጥሎ ለቤት ሠሪ ማኅበር። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ሕጉም የእኔም ካርታ ትክክል ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ችካል ስመታ ኦቦ ጉተማ ከጎኔ ቆመው ያያሉ። አልተሳደቡም።

«ቀያሹ» አሉኝ፣ «ሦስተኛ ስትመጣ እኔኑ ለካኝ። ረጅም አይደለሁም፣ አላደክምህም።»

መቃብራቸውን ማለታቸው ነው። የዚያን ዕለት እራት አልበላልኝም። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ደክሞኝ ነው» አልኳት። የቀረበልኝን ሳልነካ የተቀመጥኩበት ቤትስ? እሱም የማኅበር ቤት ነው፤ ከሌላ ገበሬ ማሳ ላይ የተቆረጠ። ጎረቤቶቼ «ቀያሽ ስለሆንክ ማዕዘኑ ደረሰህ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ፤ የጥርስ ሳቅ።

ሦስተኛው ጊዜም አልቀረም። ለአንድ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ፓምፖች የሚሆን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይተከል ተባለ። ነገሩ ደግ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃም ይጠፋል፣ ሕዝቡ ጀሪካን ተሸክሞ ይንከራተታል። ችግሩ ፓኔል መሬት ይበላል። ለጥ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ለጣቢያው የቀረበ ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ቦታ ደግሞ የኦቦ ጉተማ የቀረችው ማሳ ናት። ካርታው ላይ ሳያት «እኔኑ ለካኝ» ያሉት ትዝ አለኝ።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ፕላን ያጠቃልላል የተባለው ነገር ከተሰማ ወዲህ ገበሬው እንቅልፍ አጥቷል። ተማሪው ሰልፍ ይወጣል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጥይት ይተኮሳል። ልጃቸውን የቀበሩ ነበሩ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ቁጭ ብዬ፣ ሥራህ ምንድን ነው እንዳይሉኝ አንገቴን ደፍቼ የወጣሁበት ጊዜ አለ። ካርታ ይዞ የሚታይ ሰው በክፉ ዓይን ነው የሚታየው፤ እኛም መኪናችን በር ላይ ያለውን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍነን ነበር የምንሄደው። አልተቀየምኩም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ቀያሽ አልወድም።

ያኔ ነው ኢንጂነር ሰላም የመጣችው። ለፀሐይ ኃይሉ ሥራ የተቀጠረች ወጣት ናት። ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ እኔ የኦቦ ጉተማን ማሳ እያየሁ ስተክዝ፣ እሷ ጣቷን ግድቡ ላይ አሳረፈች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ለምን እዚህ አይሆንም?»

«እሱ እኮ ውሃ ነው።»

«አውቃለሁ። ፓኔሎቹን በፕላስቲክ ተንሳፋፊ ላይ እናስራቸዋለን። ሌላ አገር ይሠራበታል። ውሃው ፓኔሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ፓኔሉ ደግሞ ውሃውን ከፀሐይ ይከልላል። የማንም መሬት አይነካም።»

«የማንም?»

«የማንም!»

አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም። ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ «ጀልባ ልንሠራ ነው?» ብሎ ቀለደ፤ ሁከቱን ሲያስበው ግን ሐሳቡ ተዋጠለት። ለሙከራ ያህል ጥቂት ይሁን ብሎ ፈቀደ።

እኔ በማግስቱ ኦቦ ጉተማ ቤት ሄድኩ። ከደጃፋቸው ቆሜ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ጉተማ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው።

«ነጋዳ» አሉ። ደህና ነኝ ማለታቸው ነው፤ ዓይናቸው ግን ደህና አይልም። «ልትለካኝ መጣህ?»

«የለም። ዘንድሮ የምለካው ውሃውን ነው።»

«ውሃ! ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው አዴ ሎሚም ከውስጥ ሆነው ሳቁ። ያን ቤት ሲስቅ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ፓኔሉ ውሃው ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ከማሳቸው አንዲት ስንዝር እንደማይነካ ነገርኳቸው።

«ማልልኝ» አሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ገበሬ ምዬ አላውቅም። ጋሽ ደምሴም «ቀያሽ ይለካል እንጂ አይምልም» ይሉ ነበር። ግን ደስ ብሎኛል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ መልካም ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። «ከአንቱ መሬት አንዲት ስንዝር ቢነካ ልጆቼን አያሳድግልኝ» አልኩ።

የለካነው በጥቅምት ነው። ጥቅምት ለቀያሽ የተባረከ ወር ነው፤ ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ በጀቱም የሚለቀቀው ያኔ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ሁሉ ነገር የሚለካው በጥቅምት ነው። ግድቡም በጥቅምት እስከ አፍ ገደፉ ሙሉ ነው።

ጥልቀቱን የለካነው በጥንቱ መንገድ ነው። ረጅም ገመድ በየሜትሩ እንቋጥራለን፣ ጫፉ ላይ ብረት እናስራለን፣ ከጀልባ ላይ እንለቀዋለን። ብረቱ ጭቃውን ሲነካ ገመዱ ላላ ይላል። ያቺን መላላት ዓይን አያያትም፣ እጅ ነው የሚያውቃት። ቋጠሮውን ቆጥረህ ትጽፋለህ፣ ቀዝፈህ ትሄዳለህ፣ እንደገና ትለቃለህ። ተንሳፋፊዎቹ የሚያዙት ከውሃው ሥር በሚቀመጡ የሲሚንቶ ብሎኮች ነው። ማሰሪያው ከጠበቀ ውሃው ሲሞላ ወደ ታች ይጎትታቸዋል፤ ከላላ ነፋስ ይዟቸው ይሄዳል። ስለ ማሰሪያው ሰላምና እኔ ስንት ቀን ተከራከርን!

በግድቡ ግንብ በኩል ውሃው ጥልቅ ነው፣ ግን ነፋስ አለው፣ ለጣቢያውም ይርቃል። በኦቦ ጉተማ ማሳ በኩል ውሃው እንደ ክንድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ነፋስ የለውም፣ ኬብሉም አጭር ይሆናል። እዚያ ይሁን አልን። ሰላም «ውሃው በበጋ ምን ያህል ይወርዳል? መዝገቡን አላገኘሁትም» አለችኝ። መዝገቡ ጣቢያው ውስጥ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሠራተኞቹ በሁከቱ ምክንያት አልገቡም። እኔ ደግሞ የአገሩ ሰው ነኝ፣ ምን መዝገብ ያስፈልገኛል! «ይኼ ግድብ ብዙ አይወርድም፤ ስንት ዓመት ሳየው» አልኳት። አየሁት የምለው ከመኪና መስኮት ነው። ከመንገዱ የሚታየው በግንቡ በኩል ያለው ነው፤ እዚያ ውሃ መቼም አይጠፋም።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ሾፌሩ ጡሩንባውን ያንባርቀዋል። ጀልባዋን ወደ ዳር ስንጎትት አዴ ሎሚ ከማሳው ጫፍ ቆመው «ያ ታደሰ! ኮቱ! ማሎ ኮቱ!» እያሉ በእጃቸው ይጠሩኛል። እባክህ ና ማለታቸው ነው። ሰዓቴን አየሁ።

«ነገ እመጣለሁ፣ አዴ!» ብዬ ጮህኩላቸው።

ያ ነገ አምስት ወር ፈጀ። መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት እኔ ለሌላ ሥራ ሰበታ ተላክሁ። ካርታውን የፈረምኩት ቢሮ ተቀምጬ ነው። «የሚነካ የእርሻ መሬት» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ።

ፓኔሎቹን ሌላ ቡድን ተከላቸው። ሰላም ደውላ «ፓምፑ ተነሣ! ጋሽ ታደሰ፣ በፀሐይ ተነሣ!» ብላ ስትጮህ ሰበታ ላይ ሆኜ ከደስታዬ ብዛት ለቢሮው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። መጋቢት ላይ እንደገና ደወለች። ድምጿ ያው አልነበረም። «ይምጡና ይዩ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ሄጄ አየሁ። እንደ ክንድ ከገባበት ቦታ ውሃው ሸሽቶ ሄዷል። ተንሳፋፊዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል፤ ፓኔሎቹ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዘመዋል። ዙሪያውን ለጥበቃ ተብሎ በሽቦ ታጥሯል። ከሽቦው ወዲህ የኦቦ ጉተማ ከብቶች ቆመው ውሃውን በሩቁ ያያሉ።

አዴ ሎሚ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «በየዓመቱ ውሃው ሲሸሽ እዚህ ጎመንና ድንች እንተክላለን» አሉኝ። «ያኛው መሬት ከተወሰደ ወዲህ የክረምት ቀለባችን ከዚህ ነው። ከብቱም የሚጠጣው በዚህ ነው። የዚያን ቀን ይኼንን ልነግርህ ነበር የጠራሁህ። ሊተክሉ ለመጡትም ነገርናቸው። ቀያሹ ለክቶታል አሉን።»

ኦቦ ጉተማ ሽቦውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ላፋ ኮ» አሉ፤ መሬቴ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስተኛው ይኼ ነው፣ ታደሰ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቢሮ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ዘና ብሎ ነው የጠበቀኝ። «አቶ ታደሰ፣ ለምን ይጨነቃሉ? ያ ቦታ የግድቡ ክልል ነው። ገበሬው ምንም ወረቀት የለውም። እርስዎ የለም ብለው የጻፉት በሕግ ትክክል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ትክክል ነበርኩ። ዝም ብል ማንም አይነካኝም። ግን የመንደሩ ወጣቶች ፓኔሉን እንሰብራለን ብለው ተነሥተዋል። ከሰበሩ የታጠቀ ሰው ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ የሚሆነውን ያን ዓመት ያየ ሁሉ ያውቃል። ለጊዜው ያቆሟቸው ኦቦ ጉተማ ናቸው። «የማለልኝ ሰው አለ። መጀመሪያ እሱ ይምጣና ይናገር» ብለዋቸዋል። በእኔ መሐላ ነው እንግዲህ የሰው ልጅ ሕይወት የተንጠለጠለው።

ሰበታ፣ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጠየቅሃቸው?» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ያላየሁት ምን አለ ብለህ?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንዴ ታደሰ! ሴትየዋ ራሷ እየጠራችህ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። በል ሂድና ልቀም። መዶሻዬን ይዘህ ሂድ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከማሳው ጫፍ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። በዚያ አገር ጥፋቱን አምኖ ለእርቅ የሚመጣ ሰው ለምለም ሣር በእጁ ይዞ ነው የሚቀርበው። መጋቢት ነውና ኮረብታው ሁሉ ደርቆ አመድ መስሏል። ሣር ፍለጋ ዞርኩ፣ ዞርኩ። የማታ ማታ ለምለም ሣር ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከሽቦው ሥር፣ ተንሳፋፊዎቹ ከተጋደሙበት ጭቃ ዳር። ጎንበስ ብዬ ስነጭ እንባዬ መጣ። በዚያ ወር በመንደሩ ውስጥ የቀረው አረንጓዴ እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በላዩ ላይ የለም ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ሣሩን ይዤ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ «ወረቀቱ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«መሬቱ የኦቦ ጉተማ አይደለም ይላል።»

ከኋላ የቆሙት ወጣቶች አጉረመረሙ። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኟቸው። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሳልጠይቅ ለካሁ። አዴ ሎሚ ሲጠሩኝ ነገ ብዬ ሄድኩ። የማላውቀውን ነገር ማልኩ። ጥፋቱ የኢንጂነሯም የተካዮቹም አይደለም፣ የእኔ ነው። ካርታውን በስሜ አርሜ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ። ይቅር በሉኝ።»

ኦቦ ጉተማ ተነሡ፣ ቀረቡኝ፣ ሣሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። አዴ ሎሚም «ነገ ያልከው ዛሬ መጣህ» አሉና ሽማግሌውን ሁሉ አሳቁት።

«ልኬቴ ተሳስቷል» የሚለውን ደብዳቤ ስጽፍ ሰላም መጥታ አየችው። እስክሪብቶዬን ተቀብላኝ «እኔም መዝገቡን ሳላይ ተቀብያለሁ» ብላ ከሥሩ ጨመረችና ፈረመች። ሥራ አስኪያጁ በጣም ተቆጣ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ስጠብቀው የነበረው እድገትም ለሌላ ሰው ሄደ። ፓኔሉ ቢሰበር ግን በበላይ ኃላፊዎች ፊት የሚዋረደው እሱ ነው፤ ስለዚህ ማዛወሩን ፈቀደ። ሽቦው ተነሣ።

ግንቦት ላይ፣ ውሃው የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሲደርስ፣ አዴ ሎሚ ከፊት እኔ ከኋላ የግድቡን ዳር በእግራችን ዞርነው። «ከዚህ በላይ አይሸሽም» ብለው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩኝ። ብቅ የሚለው በግንቦት ብቻ ነው፤ ልጃገረድ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ልብስ የሚያጥቡበት ነው። ጋሽ ደምሴ ቢያዩት ያ ድንጋይ ከሁሉም መሣሪያ ይበልጥባቸው ነበር። በድንጋዩ መስመር ችካል መታሁ። አዴ ሎሚ «ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ» እያሉ ያስተካክሉኛል፤ እኔም አቤት አቤት እላለሁ። ኋላ መዝገቡን አውጥተን ብናየው በስንዝር እንኳ አልተሳሳቱም።

ተንሳፋፊዎቹ ወደ ግንቡ በኩል ተወሰዱ። ኬብሉ ረዘመ፣ ማሰሪያው እንደገና ተሠራ፣ ካሰብነው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው ማንሳፈፍ የቻልነው። ፓምፑ ግን ይሠራል። አሁን አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች ስለ ተንሳፋፊ ፓኔል ሲያወሩ «የማንም መሬት አይነካም» ሲሉ እሰማለሁ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ከማሳ ላይ ስንት ጊዜ ይሻላል። ብቻ መጀመሪያ ግንቦት ላይ ሄዳችሁ በእግራችሁ ዙሩት፣ ሴቶቹንም ጠይቁ እላቸዋለሁ።

ሁከቱ በዚያ አላበቃም። በቀጣዩ ዓመት በየቦታው የመታናቸው ችካሎች እየተነቀሉ ተጣሉ። የኦቦ ጉተማን ማሳ የቆረጥኩባቸውም የት እንደገቡ ጠፉ። ከአዴ ሎሚ ድንጋይ አጠገብ የመታኋቸውን ግን ማንም አልነካቸውም።

ባለፈው የካቲት፣ ጡረታ ወጥቼ ቤት በዋልኩበት፣ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ጉተማ ናቸው። አዴ ሎሚ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

«ታደሰ፣ መሬቴን ለልጆቼ ላካፍል ነው። ለጫልቱና ለወንድሟ። መጥተህ ለካልኝ።»

«ኦቦ ጉተማ፣ እኔ እኮ መሣሪያዬን አስረክቤአለሁ። አንድ ጎበዝ ባለሙያ ላምጣልዎት?»

«ባለሙያማ ሞልቷል» አሉ። «እኔ የምፈልገው ተሳስቻለሁ ብሎ የመጣውን ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ተነሣሁ። ከዚያ ከሱቅ አንድ ሜትር ገዛሁ፣ እርሳስ ቀረጽኩ፣ መዶሻዬን ያዝኩ። የምከፍተው ሳጥን የለኝም። ባርኔጣዬን አውልቄ ገባሁ፤ ከኦቦ ጉተማና ከልጆቻቸው ጋር ድንበሩን በእግሬ ዞርኩ። ቀስ ብለን ነው፤ ሁለታችንም አርጅተናል። ጫልቱን ለብቻዋ «ያላየሁት ምን አለ?» አልኳት። በነሐሴ ብቻ የምትፈልቅ ምንጭ አሳየችኝ። በየካቲት ምኗም አይታይም። ጻፍኳት፣ ለሁለቱም እንድትደርስ አድርጌ መስመሩን በእርሳስ አሰመርኩ።

ችካል እንቁረጥ ብዬ ስነሣ ኦቦ ጉተማ ከቤት አንድ ማዳበሪያ እየጎተቱ ወጡ። መሬት ላይ ገለበጡት። አሮጌ ችካሎች ናቸው፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ። ቀለሙን አወቅሁት፤ የእኔው ናቸው፣ የመንገዱና የማኅበሩ።

«ያኔ እኔው ነቀልኳቸው» አሉ። «ላነዳቸው ነበር። ሎሚ ናት አስቀምጣቸው፣ አንድ ቀን ይጠቅማሉ ያለችኝ። በል ምታ።»

ተንበርክከው የመጀመሪያውን ችካል በሁለት እጃቸው ይዘው አቆሙት። «ኧረ ሌላ ሰው ይያዘው፤ የእኔም እጅ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይስታል» አልኳቸው።

«ምታ» አሉኝ።

መዶሻዋን አነሣሁ። እጃቸውን አላሸሹም።